እትዬ ሙሉነሽ ያስተረተሩኝ ተረከዝ

የእትዬ ሙሉነሽን ሞት የሰማሁት መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ከሥራ ወጥቼ ልጄን ከሞግዚቷ ቤት ለማንሣት እየነዳሁ ሳለ ሊያ ኮል አደረገችልኝ። ሊያ የእትዬ ሙሉነሽ ልጅ ናት። ደህና ዋልሽ እንኳ አላለችኝም።

«ሰኒ፣ ማሚ አረፈች። ዛሬ ጠዋት፣ ሆስፒታል» አለች። «ማወቅ ያለብሽ መሰለኝ» ብላ ጨመረች።

ሊያ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ኮሎምበስ ከተማ ያደገች ናት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መኪና ለሚነዳ ሰውማ ጨርሶ አይነገርም የሚባለውን ወይ አታውቀውም፣ ወይ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። አልተቀየምኳትም፤ እንዲያውም በሆዴ አመሰገንኳት። ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናዬን አቆምኩና እንባዬን ጠበቅሁ። አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው፤ በርዷል ብዬ የረሳሁት ንዴት። እሳቸው ሞቱ፤ እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።

ሰው ሲጠይቀኝ «ሂልቶፕ ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን ነበሩ» ብዬ ነው የማልፈው። እውነት ነው፣ ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት በር ያለው፣ እዚህ አገር ደብል የሚሉት ዓይነት ቤት ነበር። በግራው በር እኔና ባለቤቴ ግርማ፣ በቀኙ እትዬ ሙሉነሽ። ፖርቹ፣ በሮቹ ፊት ያለው በረንዳ፣ የጋራችን ነበር። ግርማ ትራክ ስለሚነዳ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም፤ እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ነበር የምሠራው። ኮሮና የገባበት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩትም ያኔ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታቸውን የማይሸፍኑ ሴት ነበሩ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ሲያጥቡና ሲያበሉ ኖረው፣ ስኳር ስላለባቸው ኮሮናው ሲመጣ ሊያ ለምና ሥራ አስቆመቻቸው። ከዚያ ወዲህ ውሏቸው ፖርች ላይ ሆነ። ቀርቤ ያነጋገርኳቸው ዕለት ጭናቸው ላይ እንደ እግር የረዘመ፣ ክሬም ቀለም ያለው ነገር ዘርግተው፣ ሁለቱም ጫፋቸው በሾለ ቀጫጭን መርፌዎች ዙሪያውን እያሽከረከሩ ይሠሩ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ፣ እትዬ?»

«ካልሲ።»

«ለዝሆን ነው?»

ቀና ብለውም አላዩኝ። «ለወንድ ነው። ቀሚስ ለሚለብስ ወንድ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አይቀልዱም ነበር። ልጃገረድ ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ስኮትላንዳዊ ቤተሰብ ሞግዚት ነበሩ። የቤቱ እመቤት ባሏ በአገሩ በዓል ቀን ኪልት ከሚባለው የወንዶች ሽንሽን ቀሚስ ጋር የሚለብሰውን ካልሲ በእጇ ትሠራ ነበርና፣ ልጆቹ ሲተኙ እሳቸውንም አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረቻቸው። ካልሲው ጉልበት ሥር ይደርስና ወደ ታች ይታጠፋል። ባት ላይ ይሰፋል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠባል። የሚታጠፈው ክፈፍ ላይ ጌጥ ይሠራበታል። ቀሚሱ አጭር ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያየው እግሩን ነው፤ ስለዚህ የትም ቦታ ስህተት መደበቅ አይቻልም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚንከባከቧትን አሮጊት ሊጠይቅ የሚመጣ ሚስተር ዳግ የሚባል ሰው ነበር። ደብሊን በሚባለው የከተማችን ዳርቻ ነው የሚኖረው፣ እንደ ከረጢት ብብት ሥር ታቅፈው የሚነፉትን የስኮትላንዳውያን የሙዚቃ መሣሪያ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። አንድ ቀን ከበዓል በቀጥታ ቀሚሱን እንደለበሰ መጣ። እትዬ ሙሉነሽ እግሩን አዩና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው «ይሄ የማሽን ነው። መጥፎ ነው» አሉት። ሰውየው ሊቀየም ይችል ነበር። እሱ ግን «ታዲያ ጥሩው የታለ?» አላቸው። ሠርተው ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹም ተከታትለው አዘዙ፣ እትዬ ሙሉነሽም «ባለ ቀሚሶቹ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር።

ሚስተር ዳግ ካልሲ ሊለካ ፖርቻችን ላይ የመጣበትን ቀን አልረሳውም። ማስኩን አድርጎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጥቁር አረንጓዴውን ካልሲ እስከ ጉልበቱ ሳበና እግሩን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። እኔ በልቤ እልል አልኩ። እትዬ ሙሉነሽ ተነሥተው ከኋላው ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሥራ ሲመረምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ነበር የሚዳብሱት። ባቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አውልቅ» አሉት።

«ምነው? በጣም ቆንጆ ነው እኮ!»

«አንድ የክር ዓይን አምልጦኛል። አውልቅ።»

ሰውየው ለመናቸው። ማንም አያየውም አለ፤ ኖቬምበር ላይ እለብሰዋለሁ ብዬ ተመኝቼ ነበር አለ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት። ካወለቀ በኋላ እዚያው ፊት ለፊቱ ከላይ ጀምረው ተረተሩት። ክሩ እየተፈታ ሲወርድ የሚስተር ዳግ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሰውየው ሲሄድ «እትዬ፣ ዝም ቢሉት ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«ዋሽቼው ደግሞ ያን ለብሶ እያፈረ ይዙር?»

እንዲህ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያናቸው (ጴንጤ ነበሩ) ፓስተሩ «ስብከቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ረዘመ» ብለውታል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ምን እመስላለሁ ብትላቸው «ቀሚሱ ጠቦሻል፤ ግን ደስ ብሎሻል፣ እሱ ይበልጣል» ብለዋታል። ሰው ይፈራቸው ነበር። ግን የእውነት ነገር የፈለገ ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር የሚሄደው። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው፣ ልጁን ለማን እንደሚድር የጨነቀው ሰው ፖርቻችን ላይ ቁጭ ይል ነበር።

መስከረም አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ደም ታየኝ። ዶክተሯ ሥራ አቁሚ፣ ቤድ ረስት ነው፣ ተኝተሽ ቆዪ፣ ዕቃ አታንሺ፣ አትበሳጪ አለችኝ። ግርማ መንገድ ላይ ነው። እትዬ ሙሉነሽ በራቸውንና በሬን ከፍተው «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤት ነን» አሉና ማስካቸውን አወለቁ። ሾርባ ያመጣሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ሶፋው ግርጌ ተቀምጠው መርፌያቸውን ያወጣሉ። እጄ ሥራ ፈትቶ ማየት አልወደዱም። መርፌና ክር ሰጡኝ።

መማሩ ቀላል አልነበረም። የሠራሁትን ሳሳያቸው አውራ ጣታቸውን ከውስጥ ሰደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳብሱና አንዲት ቃል ይላሉ፦ «ተርትሪው።» እጠላት ነበር ያችን ቃል። ግን ከጊዜ በኋላ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ መዳበስ ጀመርኩ፤ የላላው የት እንደሆነ፣ የጠበቀው የት እንደሆነ ጣቴ ይነግረኝ ጀመር። በተለይ ተረከዙ ላይ፣ ሥራው ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ እንደ እግር ታጥፎ ወደ ፊት የሚዞርበት ቦታ ላይ፣ ብዙ አስለቀሱኝ። በመጨረሻ የባለ ቀሚሶቹን ካልሲ እግር ያስነኩኝ ጀመር። አንድ ቀን የሠራሁትን ተረከዝ ደጋግመው ዳበሱ። «ምነው?» አልኩ ፈርቼ። «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት ብል ሰው ያምነኛል» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያኮራኝ ምስጋና የለም። የኮራሁት ከማን አፍ እንደወጣ ስለማውቅ ነው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች፣ ከወንድሜ ከዳንኤል ጋር። በየእሑዱ በቫይበር እንደዋወል ነበር። እትዬ ሙሉነሽ አጠገቤ ስለሚሆኑ ስልኩን ይቀበሉኝ ነበር፤ ሁለቱ ከኔ ጋር ከሚያወሩት ይልቅ እርስ በርስ የሚያወሩት ይበልጥ ነበር። ስለ ብርድ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጅ። እማዬ ሁልጊዜ ስትጨርስ «ልጄን አደራ፣ ሙሉዬ» ትላለች። እሳቸውም «አደራሽን ተቀብያለሁ» ይላሉ።

ኅዳር ጽዮን ሰሞን እሑድ ስደውል የእማዬ ስልክ አልነሣ አለ። በማግስቱም እንዲሁ። ዳንኤልን ሳገኘው «ጠበል ሄዳለች፤ ጉልበቷን አሟት። ገዳሙ ውስጥ ስልክ አይያዝም» አለኝ። ድምፁ አላማረኝም። ግርማን መንገድ ላይ እንዳለ ደወልኩለት፤ «እሱ ያለሽን ነው የማውቀው፣ አትጨነቂ» ብሎ ቶሎ ዘጋ። የኛ ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እውነቱን ወደሚነግሩኝ ሰው ዞርኩ።

ሳሎን ውስጥ ነበርን። መስኮቱ ላይ በረዶ መጣል ጀምሯል። «እትዬ» አልኳቸው፤ «እርስዎ አይዋሹኝም። የሰሙት ነገር አለ? እናቴ ምን ሆናለች?»

መርፌያቸውን አላቆሙም። «ዳንኤል ደውሎልኝ ነበር» አሉ። «ጠበል ናት። እግሬን በረደኝ ብላለች አለኝ። ካልሲ ሥሪላት።»

በቃ። ይኸው ነው። ሰውነቴ በአንዴ ሲፈታ ተሰማኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ እሳቸው ስላሉኝ ግን ተነሥቼ ምሳ በላሁ።

ክሩን እሳቸው አመጡልኝ፣ ከሚስተር ዳግ የተረፈ ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ። «እግሯ ስንት ነው?» አሉኝ። «እንደኔ ነው፣ ግን አውራ ጣቷ አጠገብ አጥንቷ ወጥቷል» አልኩ። «እንግዲያው እዚያ ጋ አስፊው» አሉ። እየሠራሁ ስለ እማዬ አወራቸው ጀመር፤ ብርድ እንዴት እንደምትጠላ፣ ማታ እግሯን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ እንዴት ታስጮኸኝ እንደነበር። ይስቁ ነበር። አንድ ቀን «ዳንኤል ደወለ፤ እናትሽ ጉልበቴ ሥር ይድረስልኝ ብላለች» አሉኝ። የጀመርኩትን አስረዘምኩት፤ እንደ ባለ ቀሚሶቹ። «እማዬ ቀሚስ ለባሽ ልትሆን ነው» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

አንደኛው እግር በደህና አለቀ። ሁለተኛው ላይ ተረከዙ እምቢ አለ። ሠርቼ አሳየኋቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱ፣ «ተርትሪው» አሉኝ። ደግሜ ሠራሁ፤ «ተርትሪው።» እኔ ስዳብሰው ምንም አይሰማኝም። «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ስል «ይታወቀኛል፣ ተርትሪው» ይላሉ። እጄን መጠራጠር ጀመርኩ። እርግዝናው ጣቴን አሳብጦብኝ ይሆናል አልኩ። ያን ተረከዝ ስንት ጊዜ እንዳፈረስኩት አላውቅም። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ምጥ ሲይዘኝ ካልሲው ገና መርፌው ላይ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ደህና ልጅ። ሆስፒታል በኮሮናው ምክንያት ከግርማ በቀር ማንም መግባት አይችልም ነበር። ስልኩ ጠራ፤ እትዬ ሙሉነሽ። «እናትሽ ሰምታለች። እልል አለች» አሉኝ። ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝቼ በደስታ አለቀስኩ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ሰው መጣ። ልጄን አጥብቼ ገና ከአልጋ መነሣቴ ነበር። ሳሎን ስወጣ የኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ የግርማ ጓደኞች፣ የእትዬ ሙሉነሽ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ሁሉም ማስክ አድርገው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ግርማ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። ማስክ ያላደረጉት እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ብቻ አየሁ።

«እትዬ?»

«እናትሽ አርፋለች፣ ልጄ።»

«መቼ?»

ግርማ «ኅዳር ላይ» አለ።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ግን እያሰላሁ ነበር። «ካልሲውን ስንጀምር…» አልኩ። «ከዚያ በፊት ነው» አሉኝ እትዬ ሙሉነሽ። አልደበቁም። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ ልጄን ከእጄ እንደወሰዱብኝ፣ ራሴን መሬት ላይ እንዳገኘሁት ብቻ ነው የማውቀው።

ወንድሜን በስልክ ሰደብኩት፤ ኋላ ይቅር አልኩት። ግርማን ብዙ ጊዜ አኮረፍኩት፤ እሱንም ይቅር አልኩት። ዶክተሯ የነገረችንን ያውቃል፤ ደሜን ያየ ሰው ነው። መርዶ መደበቅም በኔ አልተጀመረም፤ እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። እትዬ ሙሉነሽ ሾርባ ይዘው ሲያንኳኩ ግን በሬን አልከፍትም ነበር። ሾርባው ደጃፉ ላይ ቀዝቅዞ ይቀራል። ካልሲዎቹን፣ ያለቀውንና ያላለቀውን፣ መርፌውን ጨምሬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሲወስዳቸው በመስኮት አየሁ።

ፀሐይ የወጣበት አንድ ቀን ልጄን አቅፌ ፖርች ላይ ወጣሁ። እሳቸው እዚያ ነበሩ፣ እንደ ወትሮው ረጅም ካልሲ ጭናቸው ላይ። ልመለስ ስል «ሰናይት፣ ተቀመጪ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሁሉም ዋሸኝ» አልኳቸው። «ግን እነሱ አንዴ ዋሽተው ዝም አሉ። አንቺ ነሽ ያወራሽው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያልኳቸው ያን ቀን ነው። ሰሙት፤ ግን አላረሙኝም።

«እኔ ዝም ብል ይገባሽ ነበር» አሉ።

«እልል አለች አልሽኝ። የሞተች ሴት እልል አለች አልሽኝ!»

«አልኩሽ።»

«ጉልበቴ ሥር ይድረስልኝ አለች አልሽኝ።»

«እሱንም አልኩሽ። እናትሽ አደራ ያለችኝ አንቺንና ሆድሽን ነው። ሌላ ነገር አደራ አላለችኝም።»

ልጄ መነጫነጭ ጀመረች። እያወዛወዝኳት፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ያን ጊዜ ካለኝ ጥያቄ ሁሉ ትንሹን ጠየቅሁ። «ታዲያ ያን ተረከዝ ለምን አስተረተርሽኝ? ለማን እግር ነው እንደዚያ የተጠነቀቅሽው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌያቸው ቆመ።

«ተረከዙ ምንም አልነበረውም» አሉ።

«ምን?»

«ደህና ነበር። መጀመሪያ የሠራሽውም ደህና ነበር። ብትጨርሺ ላኩልኝ ትያለሽ፤ ለብሳ በቪዲዮ ልያት ትያለሽ። ምን ልመልስልሽ ነበር? ከመውለድሽ በፊት እንዳትጨርሺ ነው።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የእናቴን ሞት ከነገሩኝ ማለዳ ይልቅ ያ ቅጽበት የባሰብኝ ይመስለኛል፤ ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን እንደዚያ ነው። ስለ እናቴ የዋሹኝ ብዙዎች ናቸው። ስለ ተረከዙ ግን የዋሹኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን ውስጥ ሰደው፣ ያን የማምነውን ምልክት እያሳዩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ እጄን የረገምኩባቸው ቀናት ሁሉ ፊቴ ድቅን አሉ። እና ያ ምስጋናስ? «እኔ ነኝ የሠራሁት ብል ሰው ያምነኛል» ያሉኝስ? እሱም እኔን ለማባበል ይሆን? ልጠይቃቸው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም የሚሰጡኝን መልስ ከእንግዲህ እንዴት አምናለሁ?

«ይቅርታ በይኝ» አልኳቸው። ለመንኳቸው ማለት ይሻላል።

ዓይናቸው ቀልቷል። «አልልሽም» አሉ። «ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ተጸጸትኩ ብልሽ እሱ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው።»

ገብቼ በሬን ዘጋሁ። በጋው ሳያልቅ ኢስትሙር የሚባል ሌላ ሰፈር ቤት አገኘንና ሄድን። ዕቃ ስንጭን እትዬ ሙሉነሽ ፖርቹ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ግርማ ሄዶ ተሰናበታቸው፣ ልጄንም አሳማቸው። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። ከዚያ በኋላ በሰው በሰው ታመዋል ሲባል ሰማሁ፤ እጃቸው መርፌ መያዝ አቆመ ሲባልም ሰማሁ። ነገ እደውላለሁ እያልኩ አልደወልኩም። እሳቸውም አልደወሉም።

ለቅሶው የተቀመጠው እዚያው ሂልቶፕ፣ ያው ደብል ቤት ውስጥ ነበር። በድሮው በሬ ሌላ ሰው ይኖራል። ሳሎኑ ሞልቶ ፖርቹ ላይ ድረስ ወንበር ተደርድሯል። ሚስተር ዳግ መጥቶ ነበር፤ ሽንሽን ቀሚሱን ለብሶ፣ እስከ ጉልበቱ የተሳበ ክሬም ካልሲ አድርጎ፣ ጥቁር በለበሱት ሴቶች መሐል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ልጆች እግሩን እያዩ ይንሾካሾካሉ። ፓስተሩ ስለ ሟቿ አንድ አንድ ነገር የምትሉ አላችሁ ሲል ሚስተር ዳግ ተነሣ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ደስ የሚለኝን ሲነግሩኝ ኖረዋል» አለ በእንግሊዝኛ። «አንድም ጊዜ ያልዋሸችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።» ሴቶቹ «እውነት ነው፣ ውሸት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም» እያሉ ተቀባበሉት። ፓስተሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ጎረቤት ነበርሽ፣ ሰናይት፤ አንቺስ?» አለኝ።

ተነሣሁ። ሁሉም ያየኛል። «ካልሲ አስተምረውኛል» አልኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ሰው ሐዘን መሰለው። ፖርች ላይ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሊያ ተከትላኝ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። አጠገቤ ተቀምጣ «ለምን መምጣት አቆምሽ?» አለችኝ። «ትጠብቅሽ ነበር። መኪና ፖርቹ ጋ በቆመ ቁጥር ቀና ትል ነበር።»

አላውቅም ነበር። ሳሎን ውስጥ የተባለው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ስለነበር፣ ነገርኳት። እናቴን፣ ጠበሉን፣ እልልታውን፣ ተረከዙን። እንግሊዝኛና አማርኛ እየደባለቅሁ ሁሉንም ነገርኳት። እዚህ ያደገች ልጅ ናትና ከኔ ጋር ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው እንዲቆጣልኝ ፈልጌ ነበር።

ሊያ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣመረች።

«ማሚ ካንሰር ሲገኝባት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች በእንግሊዝኛ። «ደወለችልኝ። ‹ካንሰር ነው፣ አይድንም፣ ማታ ስትመጪ ወተት ይዘሽ ነይ› አለችኝ። በቃ። ስልኩን ስትዘጋ እኔ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አባቴ ትቶን ሲሄድም እንደዚያው ነው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ‹አይመለስም፣ አትጠብቂው› አለችኝ። አንድም ቀን፣ ሰኒ፣ አንድም ቀን ለኔ ዋሽታ አታውቅም።»

ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ላንቺ ግን ዋሸች» አለችኝ። አነጋገሯ የሚያጽናና ሰው አነጋገር አልነበረም። የቀናች ልጅ ነበር የምትመስለው።

ልቆጣት ፈለግሁ። የምትመኚው ነገር ምን እንደሆነ አታውቂም ልላት ፈለግሁ። ስታቅፈኝ ግን አልከለከልኳትም፤ ትከሻዬ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«ይቅር አልሻት አሁን?» አለችኝ ቀና ብላ።

«አይ» አልኩ። «አልቻልኩም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እሺ።»

አብረን ገባን። ሰው እየተሰናበተ መውጣት ጀምሮ ነበር። ሊያ ወንበር ለመሰብሰብ ሄደች፤ እኔ ወደ ኩሽና ገባሁ። የለቀስተኛው ሣህን ማጠቢያውን እስከ አፉ ሞልቶት ነበር፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ውኃውን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጸጥ እስኪል ድረስ እዚያ ነበርኩ። እትዬ ሙሉነሽን ይቅር ሳልላቸው፣ ሣህኖቻቸውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በየቦታቸው መልሼ ወጣሁ።